ተመችቶሻል ሲሉኝ ድዴ ይደማ ነበር

በታኅሣሥ ወር የጎንደር ልብስ ሰፊ እንቅልፍ የለውም። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚለው ተረት ለለባሹ ጨዋታ ነው፤ ለሰፊው ግን ዶሮ እስኪጮህ ፔዳል መርገጥ ማለት ነው። በ2011 ዓ.ም. ታኅሣሥ እንዲሁ ሳመሽ አንድ ጥለት ሰፍቼ ጨረስኩና እንደ ልማዴ ክሩን በፊት ጥርሴ ነከስኩት። ክሩ አልተበጠሰም፤ ጥርሴ ነው የተነቃነቀው። አላመንኩም። በምላሴ ገፋ አደረግኩት፣ ሄደ። ለቀቅ ሳደርገው ተመለሰ። የወተት ጥርሱ ሊወልቅ የደረሰ የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያደርጋል። እኔ ግን 44 ዓመቴ ነበር።

ያ ጥርስ ዛሬም በቦታው አለ። ሁለት መንጋጋዎች ግን የሉኝም፤ ሁለቱም መትረፍ የሚችሉ ነበሩ። ይህን የምጽፈው ስድስት ዓመት ሙሉ ድዴን ለብቻ፣ ውፍረቴን ለብቻ እያየሁ ኖሬ፣ ሁለቱ ግን ከጀርባዬ ሲመካከሩብኝ እንደነበር ዘግይቼ ስለገባኝ ነው።

ሳገባ 56 ኪሎ ነበርኩ። ሁለተኛ ልጄን ወልጄ ፒያሳ አጠገብ ትንሽ ስፌት ቤት ስከፍት 65 ደርሼ ነበር። ከዚያ ወዲያ ሥራዬ መቀመጥ ሆነ። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ከስፌት መኪናው አልነሳም፤ ሻዩም እዚያው ይመጣልኛል። አብራኝ የምትሰፋው ልጅ ሳልነግራት ሦስት ማንኪያ ስኳር ታስደርግልኛለች። በቀን ስድስት ብርጭቆ። ጥምቀት ሲቃረብ እንቅልፍ ለማባረር ስምንትም ይሆናል።

ሰዉ ደግሞ ደስ ይለዋል። «እሰይ! ተመችቶሻል!» በእኛ አገር «ምን ነካሽ?» የሚባለው የከሳ ሰው ነው፣ የወፈረ ይመረቃል። እኔም ምርቃቱን በአሜን ተቀበልኩ። አንገቴ ላይ ሜትር አንጠልጥዬ የሰው ወገብ ስለካ እየዋልኩ የራሴን ወገብ በእነዚያ ዓመታት አንድም ቀን አልለካሁም። የራሴን ቀሚስ በግምት፣ ሰፋ አድርጌ ነበር የምሰፋው።

ድዴ መድማት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። ጠዋት ስጉመጠመጥ የምተፋው ውሃ ይቀላል። ዳቦ ስገምጥ ደም ይነካዋል። አያምም። ይህችን ቃል ልብ በሉልኝ፦ አያምም። የተቦረቦረ ጥርስ ሌሊት ያስለቅሳል፤ የድድ በሽታ ግን ድምፁን አጥፍቶ ነው አጥንት የሚበላው። እኔ ብሩሹ የጠነከረብኝ መሰለኝና መቦረሹን ተውኩት። ከስሕተቶቼ ሁሉ ትልቁ እሱ ነው። ድድ የሚደማው ጥርሱ ሥር የተለጠፈው ቆሻሻ ስላሳበጠው ነው፤ ብሩሹ ሲቀር ቆሻሻው ይጨምራል፣ ደሙም ይብሳል። በብሩሹ ፋንታ የወይራ መፋቂያ ያዝኩ። መፋቂያን አላማም፣ በአግባቡ ለሚጠቀምበት ጥሩ ነው። እኔ ግን የምፍቀው ስስቅ የሚታየውን ገጽ ብቻ ነበር፤ በጥርስና በጥርስ መሐል ያለውን ማን ያየዋል ብዬ።

መስተዋት አታይም ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አያለሁ። ነገር ግን ድዴ ንቅሳት ነው። የ12 ዓመት ልጅ ሳለሁ እናቴ አስነቅሳኛለች። ጥቁር ድድ ነጩን ጥርስ ያደምቀዋል፣ ድድንም ከበሽታ ይጠብቃል ተብሎ ነበር። ውበቱን አልክድም። ጥበቃው ግን የለም፤ እንዲያውም ለእኔ ጉዳዩን ሸፈነብኝ። የታመመ ድድ ይቀላል፣ ጥቁር ድድ ደግሞ መቅላቱን አይናገርም። እንደኔ የተነቀሳችሁ እናቶችና እህቶች፣ ቀለሙን አትጠብቁ። ደሙን፣ እብጠቱን፣ የአፍ ጠረኑን እዩ። (የልጆቼ አባት ጠረኑን ለዓመታት ችሎ እንደኖረ የነገረኝ ከዳንኩ በኋላ ነው። ያኔ ቢናገር ኖሮ ምናልባት እቆጣው ነበር፤ ግን ሐኪም ዘንድ እሄድ ነበር።)

አርባን ካለፍኩ በኋላ ደግሞ በሁለቱ የፊት ጥርሶቼ መሐል ክፍተት መጣ። «ፍንጭት ሆነሻል!» ብለው አደነቁኝ። እኔም በመስተዋት እያየሁ ደስ አለኝ፣ ምን ይደረግ! ከልጅነት አብራ ያደገች ፍንጭት የእግዜር ስጦታ ናት። በአርባ ዓመት በድንገት የምትመጣ ፍንጭት ግን አጥንቱ የሸሸበት ጥርስ ቦታውን ሲለቅ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

መድኃኒቱንም በገዛ እጄ ነበር የማዝዘው። ቅርንፉድ ነክሼ አድራለሁ፤ ያደነዝዛልና ዳንኩ እላለሁ። አረቄ በአፌ ይዤ እቆያለሁ። የጨው ውሃ እጉመጠመጣለሁ፤ እሱ ሳይሻል አይቀርም፣ ግን የተጋገረውን የጥርስ ድንጋይ አያነሳም። ከመድኃኒት ቤት አሞክሳሲሊንና ሜትሮኒዳዞል የሚባሉ የጀርም ክኒኖች ራሴ ጠይቄ ገዝቼ ሁለት ጊዜ ውጫለሁ። ለአሥር ቀን ደሙ ይቀንሳል፣ ከዚያ ይመለሳል። ድንጋዩ ካልተፋቀ ክኒን ብቻውን እሾኹን ትቶ ቁስሉን እንደማሠር ነው። አንድ ቦታ ደግሞ የታችኛው መንጋጋዬ ተነቃነቀ ብዬ ብሄድ፣ ለምን እንደተነቃነቀ ሳይጠየቅ ተነቀለ። ስም አልጠራም። እኔም አልጠየቅኩምና ጥፋቱ የጋራችን ነው።

ያ መንጋጋ ከወለቀ በኋላ የሆነውን ቆይቼ ነው ያስተዋልኩት። በቀኝ በኩል ማኘክ ስላልቻልኩ ምግቤ ለስላሳ ሆነ። ቆሎ ቀረ፣ ጥብስ ቀረ፣ ካሮትና ጎመን ቀረ። በምትኩ በሻይ የተነከረ ዳቦ፣ ጮርናቄ፣ በቅቤ የራሰ ገንፎ። በሁለት ዓመት ውስጥ 8 ኪሎ ጨመርኩ። ጾም ደግሞ ያከሳኛል ብዬ እጠብቅ ነበር። እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ፣ ከዚያ ግን ዘይት የጠገበ ፓስቲና ጣፋጭ ሻይ እስክተኛ ድረስ አላቋርጥም። ሁዳዴን ጾሜ ፋሲካን በ2 ኪሎ ጨምሬ የተቀበልኩበት ዓመት አለ።

ወደዚያች የክር ሌሊት ልመለስ። ጥርሴ እንደተነቃነቀ ባወቅኩ ማግስት መሄድ ነበረብኝ። አልሄድኩም፤ የሰው ቀሚስ ይዣለሁ። ጥምቀት አልፎ ቃና ዘገሊላም አልፎ፣ ጥር ሲያልቅ ነው የጥርስ ሐኪም ዘንድ የደረስኩት። ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ወጣት ናት። አፌን ከፍታ ካየች በኋላ ጓንቷን አወለቀችና፣

«እትዬ፣ ክብደትዎን ያውቁታል?» አለችኝ።

«ዶክተር፣ እኔን ያመመኝ ጥርሴ ነው» አልኳት፤ ትንሽም ከፍቶኝ ነበር።

«አውቃለሁ። እስቲ እዚህች ሚዛን ላይ ይውጡልኝ።»

86 ኪሎ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ58። ሂሳቡን አሳየችኝ፤ ኪሎውን ለቁመት፣ የወጣውን እንደገና ለቁመት ማካፈል ነው። 34 ከምናምን መጣ። ከ25 ጀምሮ ከመጠን ያለፈ ክብደት፣ ከ30 ጀምሮ ደግሞ ውፍረት ይባላል። «ወገብስ?» ስትል ሜትሩ ከቦርሳዬ ወጣ፤ ሌላ ምን ይዤ እዞራለሁ! 104 ሴንቲ ሜትር። ለሴት ከ80 ጀምሮ ስጋት ነው፣ ከ88 ካለፈ ስጋቱ ከባድ ነው። ለወንድ 94 እና 102 ነው። በዚያ ሜትር ስንት ሴት ለክቻለሁ፣ እነዚህን ቁጥሮች ግን ያን ቀን ነው የሰማኋቸው።

ከዚያ ባለ ቁጥር ቀጭን ብረት አንስታ በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ በድዱና በጥርሱ መሐል እያስገባች ለረዳቷ ቁጥር ጠራች። «ኪስ» ነው የሚሉት። ኪስ መስፋት የኔ ሙያ ነው ብዬ ልቀልድ አሰብኩና ቁጥሩን ስሰማ ተውኩት። ጤነኛ ድድ ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ነው። የኔ 6፣ 5፣ 7፣ 6 ነበር። ኪሱ በጠለቀ ቁጥር ብሩሽ አይደርስበትም፣ ቆሻሻው እዚያ ይደላደላል። ራጅ ስነሳ አጥንቱ ወርዶ ታየ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ይህን ጠይቁ፦ «ኪሱን ይለኩልኝ።» ሳይለካ «ደህና ነው» ወይም «ይነቀል» ከተባላችሁ ሌላ ሰው አማክሩ።

ቀጥላ «ውሃ ይጠማዎታል? ሌሊት ለሽንት ይነሳሉ?» አለችኝ። ሁለቱም ነበረብኝ፣ ከሻዩ ብዛት ይመስለኝ ነበር። ላብራቶሪ ላከችኝ። ሳልበላ የተለካው ስኳር 168 ሆነ፤ ከ126 ጀምሮ በሽታ ነው። የሦስት ወሩን አማካይ ስኳር የሚያሳየው የደም ምርመራ 7.9 በመቶ አለ፤ እሱ ደግሞ ከ6.5 ጀምሮ ነው። በሌላ ቀን ተደግሞም ያው ሆነ። የስኳር በሽታ እንዳለብኝ ያወቅኩት በጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ነው።

ያኔ ያስረዳችኝን በኔ አማርኛ ልንገራችሁ። ስብ ተከምሮ የተቀመጠ ጭነት ብቻ ይመስለናል። አይደለም፤ በተለይ የሆድ ስብ ብግነት የሚቀሰቅሱ ንጥረ ነገሮች ወደ ደም ይለቃል። ብግነት ሰውነት ጠላት ሲያይ የሚያነደው እሳት ነው። ስብ በበዛበት ሰው ያ እሳት እንደተዳፈነ ፍም ሁልጊዜ አለ። ድድ ሥር የሚባዙት ጀርሞች ጭራሮ ሲጨምሩበት ይንቦገቦጋል፤ ጥርስን ይዞ የነበረው አጥንት የሚያልቀውም በጀርሙ ብቻ ሳይሆን ከልክ ባለፈው የራስ እሳት ነው። በላዩ ላይ ስቡ የደም ስኳርን የሚያወርደውን ኢንሱሊንን ሰነፍ ያደርገዋል፣ በደም ውስጥ ያለው ስኳር ከፍ ይላል፤ ስኳር ከፍ ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይቆጣል፣ ቁስሉም ቶሎ አይሽርም። የቆሰለው ድድ ደግሞ በተራው ብግነቱን ወደ ደም እየላከ ስኳሩን አልወርድም ያሰኘዋል። እንግዲህ የቱ ቀደመ ብዬ ብጠይቅ «በእርስዎ ላይ ሁለቱም እየተገፋፉ ነው የመጡት» አለችኝ።

ልጄ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበርና ነገሩን አንብቦ አመጣልኝ። እ.ኤ.አ. በ1998 የጃፓን ተመራማሪዎች በወፍራም ሰዎች ላይ የድድ በሽታ በዝቶ መታየቱን ጽፈዋል፤ ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ግን ልጄ እንዳለኝ ውፍረት ብቻውን ጥፋተኛ ነው ተብሎ አልተፈረደበትም። ወፍራም ሰው ጣፋጭ ሊያበዛ ይችላል፣ ስኳር ሊኖርበት ይችላል፤ እነዚህን ከኪሎው ለይቶ ማየት ቀላል አይደለም። ደግሞም ቀጭን ሰውም ከድድ በሽታ አያመልጥም። የባለቤቴ ወንድም ሸንበቆ ነው፣ ድዱ ግን ከኔ የባሰ ነው፤ ሲጋራ ያጨሳል። ሲጋራ እንዲያውም ደሙን ይቀንሰዋልና «አይደማኝም» ብሎ ይኩራራል። ስለዚህ ወፍራም ሁሉ ድዱ ታሟል ለማለት አይደለም። ወፍራም ከሆናችሁና ድዳችሁ ከደማ ግን ሁለቱን በአንድ ቀጠሮ አንሱ ነው የምለው።

ሕክምናው አላስፈራኝም ብል እዋሻለሁ። ማደንዘዣ ወግታኝ አንድ ቀን በቀኝ፣ በሌላ ሳምንት በግራ ከድድ ሥር ያለውን ድንጋይ ፋቀችው። አንድ የላይ መንጋጋ መያዣ አጥንት ስላልነበረው ወጣ። ከሁሉ የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያሉት ሁለት ሳምንታት ናቸው፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠውም እዚያ ላይ ይመስለኛል። እብጠቱ ሲጎድል ጥርሴ ረዘመ፣ መሐሉ ከፈት ከፈት አለ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠዘጠዘኝ። ጎረቤቴ «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል ብዬሽ አልነበረም?» አለችኝ። እኔም ሐኪሟን ልወቅሳት ነበር። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ ድንጋዩ የተበላውን አጥንት ሸፍኖት፣ የላላውንም ጥርስ ደግፎት ነበር። ሲነሳ እውነቱ ታየ። በስድስት ሳምንት ውስጥ ድዱ ጠበቀ፣ የተነቃነቀውም የፊት ጥርስ ያዘ። የሄደው አጥንት ግን አይመለስም። ድድ ደምቶ አጥንት ሳይነካ የደረሰ ሰው ሙሉ በሙሉ ይድናል፤ የኔ ቁጭት ያ ጊዜ በቅርንፉድና በአረቄ ማለፉ ነው።

ብሩሽ እንደ አዲስ ተማርኩ። ለስላሳ ብሩሽ፣ ወደ ድዱ ጠርዝ ዘንበል አድርጎ፣ በቀን ሁለቴ፣ ሁለት ሁለት ደቂቃ። ደማብኝ ብሎ ያንን ቦታ መዝለል የለም፤ የሚደማው ቦታ ነው ይበልጥ የሚፈልገው። በጥርስ መሐል በስፌት ክር ላጽዳ ብዬ ጠይቄያት ስቃብኛለች፤ ድድ ይቆርጣልና ይቅር። ለጥርስ መሐል የተሠራች ትንሽዬ ብሩሽ አለች፣ ክፍተቱ ሰፊ ለሆነ ሰው እሷ ትሻላለች።

ከውፍረቱ ጋር ያደረግኩት ትግል ደግሞ በስሕተት ነው የተጀመረው። አንዷ ደንበኛዬ ሎሚ በሞቀ ውሃ በባዶ ሆድ ጠጪ፣ እራት ተዪ አለችኝ። ሁለት ሳምንት አደረግኩት። 4 ኪሎ ወረደ፣ በአንድ ወር ውስጥ 5 ሆኖ ተመለሰ። ይባስ ብሎ ድዱ የሸሸበት የጥርሴ ሥር በሎሚው አሲድ ተቃጠለና ውሃ መጠጣት አቃተኝ። ድዳችሁ የሸሸ ሰዎች፣ ከዚህ ነገር ራቁ።

የሠራልኝ የሻዩን ስኳር መቀነሱ ነው። አብራኝ የምትሰፋዋን ልጅ ቁጭ ብለን እንቁጠር አልኳት፤ ስድስት ብርጭቆ በሦስት ማንኪያ 18 ማንኪያ፣ ማንኪያዋ 4 ግራም ያህል ብትይዝ 72 ግራም ስኳር በቀን። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ከ50 ግራም አይለፍ ይላል፣ 25 ቢሆን ይመረጣል። በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስኩ ወደ ባዶ ወረድኩ። በአንድ ጊዜ ቢሆን ኖሮ አልችለውም ነበር። አሁን ቅርንፉድና ቀረፋ ባለበት ሻይ ውስጥ ስኳር ቢገባ ይዘጋኛል፤ ቅርንፉዱም በስተመጨረሻ ትክክለኛ ቦታውን አገኘ። ባጃጅ ተውኩና ወደ ቤት በእግር መመለስ ጀመርኩ፤ እሑድ ጠዋት ደብረ ብርሃን ሥላሴ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ። በየሰዓቱ ከስፌት መኪናው ተነስቼ እቆማለሁ። እንጀራውን አልተውኩም፣ ከአንድ ተኩል ወደ አንድ አወረድኩት፤ ወጡን ደግሞ ምስርና ጎመን አበዛሁበት። በግራም በቀኝም ማኘክ ስችል ጎመኑ ተመልሶ መጣ፤ ድዱ ሳይድን ይህ አመጋገብ አይሆንልኝም ነበር። ጾሙን በተመለከተ የስኳር መድኃኒት ስለምወስድ መጀመሪያ ሐኪሜን፣ ከዚያ የንስሐ አባቴን አማክሬያለሁ። እናንተም ሳታማክሩ ክኒኑን አታዛንፉ።

በሦስተኛው ወር የሦስት ወሩ ምርመራ 7.1 ነበር። የድድ ሕክምና ብቻውን የሦስት ወሩን ምርመራ በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ያህል ያወርዳል ብላኛለች ሐኪሟ፤ የቀረውን ሜትፎርሚን የሚባለው የስኳር ክኒኔና እግሬ ተካፍለውታል። በ14ኛው ወር 77 ኪሎ፣ ወገቤ 95። ገና 88 አልገባሁም። ኪሶቹ አብዛኞቹ 3 እና 4 ሆነዋል፣ አንዱ 5 ላይ ቀርቷል። በየአራት ወሩ እየሄድኩ አስፈትሻለሁ። በአንድ ክረምት ቀጠሮዬን ዘልዬ ነበር፣ ያቺ 5 ወዲያው 6 ሆና ጠበቀችኝ።

ክር አሁን የምቆርጠው በመቀስ ነው፤ በሪባን አንገቴ ላይ ከሜትሩ ጎን ይንጠለጠላል። ፍንጭቷ ግን አልተዘጋችም። ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት ሙሽራ ልለካት ቆማ ፊቴን ስታይ ቆየችና «እትዬ፣ ፍንጭትሽ እንዴት ያምራል!» አለችኝ።

«በአጥንት ነው የገዛኋት» አልኳትና «እጅሽን አንሺ» ብዬ ወገቧን መለካት ቀጠልኩ።